ዋኖሶቹ መቼ ይታቀፋሉ? ከለገጣፎ ወዲያ የአንድ ዓመት ማስታወሻ

ጥቅምት 4 ቀን 2016

ዛሬ ጀመርኩ። ግቢያችን ከለገጣፎ አልፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው ያለው። በአንድ በኩል እርሻ፣ በሌላ በኩል ገና በመሠራት ላይ ያሉ ቤቶች ያዋስኑታል። ስድስት ጥድ፣ ሁለት ወይራና አንድ ትልቅ ግራር አለን። ዋኖስ የሌለበት ዛፍ የለም።

ነገሩን ያመጣችው የእህቴ ልጅ ናት። ባለፈው ክረምት፣ “ዋኖሶቹ አሁን ለምን ጫጩት የላቸውም? ለገና’ኮ ነበራቸው” ብላ ጠየቀችኝ። “ስለሚበርዳቸው ይሆናል” ብዬ አለፍኩ። መልሴ ግን እኔኑ አላሳመነኝም፤ ስለዚህ አንድ ዓመት ሙሉ ጎጆ ልቆጥር ወሰንኩ።

የምከታተላት ወፍ አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢው የምትታየው ናት፦ ጠቆር ያለ ግራጫ ገላ፣ አንገቷ ግራና ቀኝ ጥቁር ምልክት፣ ክንፏ ላይ ደግሞ የዝገት ቀለም ያለው ጠርዝ። ሳይንሳዊ ስሟ ስትሬፕቶፔሊያ ሉጀንስ ነው፤ ደጋ ትወዳለች። ጣሪያ ሥር የሚያድሩትን፣ ዓይናቸው ዙሪያ የቀላውንና ክንፋቸው በነጭ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረውን ትልልቅ እርግቦች ከቆጠራው አላስገባም። ለማነጻጸሪያ ጓሮ ያሉኝ አራት ጥንድ የቤት እርግቦች አሉ።

መሣሪያዬ ረጅም ዱላ ጫፍ ላይ በሽቦ ያሰርኩት ትንሽ መስታወት፣ ደብተርና እርሳስ ነው። በአምስት በአምስት ቀን እዞራለሁ። ዛፎቹ ላይ ምልክት አላስርም፤ ቁራ አስተዋይ ነው፣ የሰው ልጅ የሚመላለስበትን ዛፍ ያጠናል።

ጥቅምት 23

ሦስት ጎጆ። አንዱ ከማብሰያ ቤቱ ጀርባ ያለው ጥድ ላይ፣ ወንበር ላይ ቆሜ የምደርስበት ቦታ ነው። ሲሠራ ከመስኮት ሆኜ አየሁት፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ከመስኮቱ አልተነሳሁም።

ሴቷ ቅርንጫፉ መንታ የሆነበት ቦታ ላይ ቁጭ ብላለች። ወንዱ ወርዶ ከመሬት ጭራሮ ያነሳል፤ ያገኘውን ሁሉ አይደለም። አንዱን ያነሳና በምንቃሩ ያገላብጠዋል፣ ይጥለዋል፣ ሌላ ይሞክራል። አንድ ብቻ ይዞ ይበርና ጀርባዋ ላይ ይቆማል፤ በትከሻዋ በኩል ጎንበስ ብሎ ይሰጣታል። እሷ ትቀበልና ደረቷ ሥር ትሸጉጠዋለች። እንደገና ይወርዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ 41 ጊዜ ተመላለሰ። ስምንቱ ጭራሮ መሬት ወደቀ፤ የወደቀውን አንድም ጊዜ ተመልሶ አላነሳም።

ጎጆው ሲያልቅ ከሥር ሆኜ ሰማዩን በውስጡ አየሁት። ጭቃ የለው፣ ሣር የለው፣ ጠርዝ እንኳ የለው፤ በጭራሮ የተረበረበ ቆጥ ማለት ይቻላል። ከሦስት ቀን በኋላ ሁለቱ ነጫጭ እንቁላሎች ከታች ሆነው ይታዩ ነበር። ይህን እዚህ መጻፌ ያለምክንያት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ጎጆ ሐምሌ ላይ ምን ይሆናል?

ኅዳር 15

ሰባት ጎጆ። ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር፤ የእርግቦቹ የውኃ ሳህን ላይ ስስ በረዶ አገኘሁ። ከዓመቱ ሌሊቶች ሁሉ የሚከፋው ብርድ አሁን ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ። ዋኖሶቹ ደግሞ አሁን ነው በብዛት የታቀፉት። ለእህቴ ልጅ የሰጠኋት መልስ በሁለተኛው ወር ውድቅ ሆነ። ደውዬ ነገርኳት፤ ስህተት ማረም በጊዜው ነው።

መታቀፉን በተመለከተ ጥሩ ዘዴ አግኝቻለሁ። ወንድና ሴት በፈረቃ ነው የሚታቀፉት፤ ወንዱ ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ይገባና እስከ 10 ወይም 11 ሰዓት ይቆያል፤ ማታውንና ሌሊቱን እሷ ናት። ቅይይሩ ሲደረግ ጎጆው ለአፍታ ይገለጣል። መስታወቴን የማሳየው በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። አስደንግጦ ማስነሳት አያስፈልግም፤ መጠበቅ ነው።

ታኅሣሥ 12

ዘጠኝ ጎጆ፤ እስካሁን ትልቁ ቁጥር። ዛሬ ደግሞ የዓመቱ አጭር ቀን ነው። ፀሐይ የምትወጣበትንና የምትጠልቅበትን ሰዓት አስልቼ 11 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ገደማ አገኘሁ። ሰኔ ላይ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ። ለንደን ላይ ያለ ወፍ ግን ከ8 ሰዓት ያነሰ ቀንም ከ16 ሰዓት ተኩል ያለፈ ቀንም በአንድ ዓመት ውስጥ ያያል። በአውሮፓ የአእዋፍ ወቅት በብርሃን ርዝመት ይመራል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ቀኑ ሲረዝም አንጎላቸው ሆርሞን ያዛል፣ የዘር አካላቸው ያብጣል። የኛዎቹ ግን በአጭሩ ቀን ላይ ናቸው ጎጆ የሞሉት።

ብርሃንን ከምክንያቶቹ መካከል ጨርሶ ላወጣው ግን አልችልም። ፓናማ ውስጥ፣ ከኛ ጋር ተቀራራቢ ኬክሮስ ላይ፣ የጉንዳን መንጋ እየተከተለች የምትመገብ ትንሽ የደን ወፍ አለች። ተመራማሪዎች በ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት ሥራ የ17 ደቂቃ የቀን ርዝመት ልዩነት እንኳ እንደምትለይ አሳይተዋል። ስለዚህ ትንሽ ልዩነት ለወፍ ትንሽ ላይሆን ይችላል። የኔን ዋኖስ ጥያቄ ግን አይመልስም፤ ሌላ ነገር አለ።

ጥር 2

ዛሬ ከግቢያችን ጀርባ ያሉት አባባ አውድማ ላይ ዋልኩ። በሬዎቹ ይዞራሉ፣ ልጆቻቸው በመንሽ ይገለብጣሉ፣ ነፋስ ሲመጣ በላይዳ ይበትናሉ። እብቁ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ ዋኖሶቹም እዚያው ወርደዋል። ቆጠርኩ፣ ከ60 በላይ ናቸው። ማንም አያባርራቸውም፤ የሚለቅሙት ከእብቁ ጋር የሄደውን ነው።

ምን እንደምሠራ ስነግራቸው አባባ ብዙ አላሰቡም።

“ይሄ ምን ይጠየቃል ልጄ? ሰርግ መቼ ነው?”

“በጥር ነው አባባ።”

“ለምን በጥር ሆነ?”

“እህል ስለገባ…”

“እሷም እንደዚሁ ናት። ጎተራ ስትጎድል ማን ይድራል?”

ማስታወሻዬ ላይ እንደወረደ ጻፍኩት። ያልኩት ግን “እስኪ ላረጋግጠው” ነው፤ እሳቸውም አልተቀየሙም።

ጥር 11

ጥምቀት። ሁሉ ሰው ታቦት ሊያጅብ ወጥቷል። እኔ ጠዋት ግራሩ ሥር የጎረቤት ድመት የገደለችውን፣ መብረር ሊጀምር ጥቂት ቀን የቀረውን ጫጩት አገኘሁ። አዘንኩ፤ ግን ዕድሉን አላባከንኩትም። አንገቱ ሥር፣ ደረቱ ላይ ያለውን የእህል ከረጢት በምላጭ ከፍቼ ነጭ ሳህን ላይ ገለበጥኩት።

የስንዴ ፍሬ 26፣ ሁለቱ የተሰበሩ። ጤፍ መቁጠር አልቻልኩም፤ የሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል። ጥቁር ቀጫጭን የአደይ አበባ ዘር አምስት። የሙጃ ዘር። ሦስት ድንጋይ፣ የምስር ግማሽ የሚያክሉ። እነዚህ ሁሉ ነጭ፣ እርጥብ፣ የአይብ ፍርፋሪ በመሰለ ነገር ተለውሰዋል። ያ የእርግብ ወተት ነው።

ትልቁ ነገር ይሄ ወተት ይመስለኛል። አብዛኞቹ ትንንሽ ወፎች እህል ቢበሉም ጫጩታቸውን የሚያሳድጉት በትልና በነፍሳት ነው፤ ስለዚህ ትል የሚበዛበትን ጊዜ መጠበቅ አለባቸው። ዋኖስና እርግብ ግን ወንዱም ሴቷም የእህል ከረጢታቸው ግድግዳ ወፍሮ፣ በፕሮቲንና በስብ የበለጸገ ወተት ያወጣል። ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ነው የሚያዘው፤ ሳይንስ ይህን ሆርሞን የለየውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ በዚሁ በእርግብ ከረጢት ላይ ባደረገው ሙከራ ነው። ጫጩቱ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በወተት ብቻ ይኖራል፤ ከዚያ እህል እየተቀላቀለ ይሄዳል። እናትና አባት ዘር እስካገኙ ድረስ ጫጩት ማሳደግ ይችላሉ ማለት ነው፣ ወሩ ማንም ይሁን። ዘሩ ከሌለ ደግሞ ወተቱም የለም።

የካቲት 27

አራት ጎጆ። አውድማው ተጠርጓል።

ሚያዝያ 10

ሁለት። የበልግ ዝናብ ሜዳውን አረንጓዴ አድርጎታል። ዝናብ ሲመጣ ይራባሉ ብሎ የሚገምት ሰው አሁን ቁጥሩ እንዲጨምር ይጠብቃል፤ አልጨመረም። ለምለም ሣር ለላም እንጂ ለዋኖስ ምግብ አይደለም፤ ዘር የሚሆነው ገና ወራት ቆይቶ ነው። መሬት ላይ ተርፎ የነበረውንም ፍሬ ዝናቡ አበቀለው። ደጃፌ ላይ ራሴ ያየሁት ነው፤ ጥር ላይ ከጆንያ ያፈሰስኩት ገብስ አሁን አንድ ስንዝር ቡቃያ ሆኗል።

ሐምሌ 9

ግቢያችን ውስጥ አንድም ጎጆ የለም። ሰኔ ላይ አንድ ነበር፤ እንቁላሉ ጠፋ። ዋኖሶቹ አሉ፤ ጠዋት ጠዋት ያንጎራጉራሉ፤ ጭራሮ የሚያነሳ ግን አላየሁም።

ጓሮ ያሉት የቤት እርግቦቼ ደግሞ ከአራቱ ጥንድ ሦስቱ ታቅፈዋል። ያው ዝናብ፣ ያው ጭጋግ፣ ያው ብርሃን ነው። ልዩነታቸው በየቀኑ ለእያንዳንዳቸው 40 ግራም ያህል ስንዴ፣ ገብስና የበቆሎ ክክ ማግኘታቸው፣ ከላያቸውም ቆርቆሮ መኖሩ ነው። ግን በዚህ አልተማመንም፤ የቤት እርግብ ሰው በብዙ መቶ ዓመታት ዓመቱን ሙሉ እንዲፈለፍል መርጦ ያራባው ነው። ከዱር ዋኖስ ጋር እኩል መዳኘት አይገባውም።

ሐምሌ 21

ዛሬ ያየሁት እንቅልፍ ነሣኝ። ወፍጮ ቤት ሄጄ ነበር፣ ከኛ ሃያ ደቂቃ በእግር። ወረፋ ስጠብቅ ግቢው ውስጥ ካሉት አራት ግራቪሊያ ዛፎች አንዱ ላይ ዋኖስ ጭራሮ ይዛ ስትገባ አየሁ። መስታወቴን አልያዝኩም። ዣንጥላዬን ዘቅዝቄ ከሥሩ ዞርኩ፦ ሦስት ጎጆ! ሁለቱ ላይ ታቅፈዋል። በሐምሌ!

ወፍጮ ቤቱን የያዙት እቴቴ ሲያዩኝ ሳቁና “እነዚህ እዚህ ክረምት የሚባል አያውቁም” አሉኝ። መሬቱን አሳዩኝ። ከሚዛኑ እስከ በሩ ድረስ የተበተነ ስንዴ፣ ማሽላ፣ የሽምብራ ስብርባሪ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ጆንያ ይፈታል፣ ዓመቱን ሙሉ ይፈስሳል።

“ግን እቴቴ፣ መጠለያ ስላላቸው ይሆን?” አልኳቸው።

“ጣሪያ ሥር ያሉት ሌሎቹ ናቸው። እነዚህ ዛፍ ላይ ናቸው፣ እንዳንተው ግቢ።”

እውነታቸውን ነው። ዛፍ ላይ ናቸው፤ ዝናቡ እንደ እኛው ይወርድባቸዋል።

ማታ ቁጭ ብዬ በግቢያችን ዙሪያ በጋ ላይ የነበረውንና አሁን የሌለውን ጻፍኩ። አውድማ የለም። ቃርሚያ የለም። የአረሙ ዘር ገና እሸት ነው። ሌላም ያላሰብኩት ነገር አለ፦ ስጥ የለም። በበጋ በየደጁ ሸራና ሰሌን ተነጥፎ እህል ይሰጣል፤ ልጆች ዱላ ይዘው ቢጠብቁም ዋኖስ ድርሻዋን አታጣም። በክረምት ፀሐይ ስለሌለ ማንም አያሰጣም። የሚቀረው እየተዘራ ያለው ዘር ነው፤ እሱንም ወዲያው አፈር ያለብሱታል።

ፈረቃውም ትዝ አለኝ። አንደኛው ታቅፎ ሳለ ሌላው በዚያችው ጊዜ ራሱን መመገብ አለበት። ወንዱ ነፃ የሚሆነው ማለዳና ወደ ማታ ብቻ ነው፤ ክረምት ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። እህል አጠገቡ ከሌለ በቀሩት ሰዓታት ጠግቦ ለፈረቃው አይደርስም።

ሐምሌ 24

ሙከራ ጀመርኩ። ከማብሰያ ቤቱ ጀርባ ካለው ጥድ አሥር እርምጃ ርቄ በአራት እንጨት ላይ አሮጌ ቆርቆሮ አቆምኩ፤ ከሥሩ በየጠዋቱ አንድ ኪሎ ስንዴና የማሽላ ቅንጥብጣቢ አደርጋለሁ። ከሸለቆው ማዶ ያለው ጎረቤታችን ግቢም ጥድ አለው፤ እዚያ ምንም አላደርግም፣ መቁጠር ብቻ።

ነሐሴ 6

መጀመሪያ የመጡት ሁለት ነበሩ፣ በሳምንቱ አሥራ አራት። ዛሬ፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ወንዱ ጭራሮ አነሳ። ያው የድሮው ጥድ፣ ያው መንታ ቅርንጫፍ።

ጊዜው ከማውቀው ነገር ጋር ይስማማል። ዳንኤል ለርማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹና 60ዎቹ በቤት ዋኖሶች ላይ በሠራው ሥራ፣ ሴቷ ብቻዋን ስትሆን እንቁላል እንደማትጥል፣ ወንዱ ሲያንጎራጉርላትና የጎጆ ዕቃ ሲኖር ግን ሆርሞኗ ተነቃቅቶ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ እንደምትጥል አሳይቷል። ሰውነቷ ዝግጁ የሚሆነው በእሱ ድምፅና በጭራሮው ነው ማለት ነው። የተራበ ወንድ ደግሞ ለማንጎራጎር ጊዜ የለውም።

ነሐሴ 10

አንድ እንቁላል። ነሐሴ 11 ሁለተኛው። ማዶ ምንም የለም። ለአባባ ነገርኳቸው፤ “እኔስ ምን አልኩህ?” አሉኝ።

ነሐሴ 17

ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ በረዶ ጣለ። ሽምብራ የሚያክል ነበር፣ ሩብ ሰዓት ያህል። በመስኮት ሳያት ሴቷ ጭንቅላቷን ወደ ትከሻዋ ሰብስባ፣ ክንፎቿን ከፈት አድርጋ ጎጆው ላይ ተኝታለች። በፈረቃው ተራው የወንዱ ነበር፤ ሊገባ አልቻለም ወይም እሷ አልለቀቀችም። በረዶው ጀርባዋ ላይ ሲያርፍ ትንቀጠቀጣለች እንጂ አልተነሳችም።

ሲያባራ የጎጆው አንድ ጎን ተንዶ ነበር። አንዱ እንቁላል ጥዱ ሥር፣ በረዶው መሃል ተሰብሮ አገኘሁት። ውስጡ ቀይ የደም ሥር ተዘርግቷል፤ ሕይወት ነበረው። ወፍጮ ቤትም ሄድኩ፤ ከሦስቱ ጎጆ አንዱ ብቻ ቀርቷል።

ዛሬ ስለ ሥራዬ ሌላ ነገር ገባኝ፣ ከበደኝም። እህል ጎጆ ያስጀምራቸዋል፤ ዝናቡን ግን አያስቆምም። እኔ በአንድ ኪሎ ስንዴ ይህችን ዋኖስ በበረዶ ወር እንድትታቀፍ ጠራኋት። ግቢያችን በሐምሌ ባዶ የሆነው ለእሷ ጥበቃም ነበር፤ እኔ ነኝ ያፈረስኩት። እንግሊዝ አገር መርተን የተባለ ተመራማሪ በትልልቆቹ የደን እርግቦች ላይ ያገኘው ትዝ አለኝ፤ ከጸደይ ጀምረው ቢጥሉም በብዛት የሚያሳድጉት እህል በሚደርስበት በክረምታችን መጨረሻ ገደማ ነው። እዚያም የጊዜው ጌታ እህሉ ነው፤ ግን እዚያ እህል የሚደርሰው በበጋቸው ነው።

ከጎጆው በላይ ሁለት ክንድ ያህል ከፍ አድርጌ አንድ የቆርቆሮ ቁራጭ በገመድ አሰርኩ። ሴቷ ስሠራ ተነሳች፤ ከአራት ደቂቃ በኋላ ተመለሰች።

ነሐሴ 25

የቀረው እንቁላል ተፈለፈለ፣ ከተጣለ በ15ኛው ቀን። ዓይኑ የተዘጋ፣ ቢጫ ፀጉር ብጣቂ ያለበት። ምግቡን በአንድ ጊዜ ብንነሳቸው ወተቱ ይቋረጣል፤ ስለዚህ ይህ ጫጩት እስኪወጣ እቀጥላለሁ፣ ከዚያ በኋላ በክረምት ዳግም አልመግብም። አዲስ ጥንድ እንዳይጀምር ኪሎውን ወደ ግማሽ አወረድኩት።

መስከረም 6 ቀን 2017

ጫጩቱ ወጣ። ጥዱ ላይ፣ ከአባቱ ጎን ቆሞ ክንፉን እያማታ ይለምናል፤ አባቱ አፉን ሲከፍት ምንቃሩን እስከ ጉሮሮው ይሰድዳል። የእህቴ ልጅ መጥታ አየችው። ቆርቆሮውን አነሳሁ፣ መኖውንም አቆምኩ። ማዶ እስከዛሬ አንድም ጎጆ አልተሠራም።

ጥቅምት 4

ዓመቱ ሞላ። ግቢ ውስጥ ሁለት ጎጆ፣ ማዶ አንድ፣ ወፍጮ ቤት አራት። የአደይ አበባው ረግፎ ዘሩ ጠቁሯል፤ ዋኖሶቹ ጠዋት እዚያ ናቸው።

የአባባ መሬት ዘንድሮ አልተዘራም። ከግራሩ ጀምሮ እስከ አስፋልቱ ችካል ተተክሎበታል፤ አውድማው የነበረበት ቦታ ላይ አሸዋ ተደፍቷል። አባባ የዘንድሮ ጤፋቸው ከወንዙ ማዶ በእኩል ያረሱት ብቻ ነው፤ ውቂያውም እዚያው ይሆናል። ቆጠራውን እቀጥላለሁ፤ በታኅሣሥ ዘጠኝ ጎጆ አገኝ እንደሆነ ለማየት። የወፍጮ ቤቱን ዛፎችም በአምስት በአምስት ቀኑ ዙር ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ፤ እቴቴ መሰላል ሊያውሱኝ ተስማምተዋል።